የባሕር ዳር መንገድ የማን ነው?

መሬትን በሕግ የገዛ ሰው ወደ ባሕር የሚያወርደውንም መንገድ ገዝቷልን? በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርንያ፥ በሶኖማ አውራጃ 10 ማይል ያህል የሚረዝም የባሕር ዳር የበግ ማሰማሪያ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት አንድ ኩባንያ ገዝቶ «ሲ ራንች» ብሎ ሰየመው፤ ለመኖሪያ ቤትም እየሸነሸነ ሸጠው። መሸጡ በደል አልነበረም። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ወደ ባሕሩ መውረድ እንዳይከለከሉ ሰጉ። ከዚህና ይህን ከመሰለው ክርክር የተነሣ በ1972 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የባሕር ዳርቻን የሚጠብቅ ኮሚሲዮን አቆመ፤ የ1976 ዓ.ም. ሕግም አጸናው። በኋላም በዚያ ስፍራ ለሁሉ የሚሆኑ የእግር መንገዶች ተከፈቱ።

ባለቤቶቹም የሚፈሩት ነገር አለ፤ አላፊ አግዳሚው ሣሩን ይረግጣል፥ ጥራጊ ይጥላል፥ ጸጥታም ያውካል። ይህን ፍርሃት አንናቀው። ዳሩ ግን የእንግዳ ጥፋት በሥርዓት ይታረማል፤ የተዘጋ መንገድ ግን ያላጠፋውንም ይቀጣል። እኛ ደገኞች ከባሕር ብንርቅም ነገሩን እናውቀዋለን፤ እርሻውን የሚያጥር ሰው ወደ ምንጭ የሚወርደውን መንገድ ቢዘጋ፥ ጎረቤቱ ውኃ ከወዴት ይቀዳል? እንግዲህ አጥር በምናጥርበት ጊዜ የገዛነውን እንከልል፤ መተላለፊያውን ግን እንተው።