በነጻ የሚቆርጥ ሰው

ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ፣ አጋሮ ሳይደርሱ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛው በሰፈሩ የሚከበሩ ሐጂ፣ ሌላው ቡና ነጋዴ። ግቢያቸውን የሚለየው አንድ አጥር ነው። በሁለቱም ግቢ ከአያት የቆየ የሰሳ ዛፍ ቆሟል፤ ከሥሩ ቡና፣ ከቡናው አጠገብ የቆርቆሮ ቤት። በክረምት ከነጋዴው ሰሳ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የኩሽናውን ጣሪያ ስለሰበረ፣ ቡና ተለቅሞ ጥር ሲገባ ሁለቱም ዛፋቸውን የሚመለምል ሰው አፈላለጉ።

ወደ ነጋዴው የመጣው ቆራጭ ዋጋ ሲጠየቅ ሳቀ።

«ከእርስዎ ገንዘብ አልፈልግም፤ የወረደውን እንጨት ብቻ ልውሰድ።»

ነጋዴው ደስ አለው። ማን አይደሰትም?

ወደ ሐጂ የመጣው ግን ጌራ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀለ ያደገ ጎልማሳ ነው። ሰሳውን ዞሮ ዞሮ አየና ዋጋውን ተናገረ። ዋጋው ቀላል አልነበረም።

«ልጄ፣ ጎረቤቴ እኮ በነጻ ነው የሚያስቆርጠው» አሉ ሐጂ።

«እንጨቱን ማን ይወስደዋል?»

«ቆራጩ ራሱ።»

ጎልማሳው መልስ አልሰጠም። ሐጂም ጥቂት አሰቡና ግማሹን ቀብድ ቆጠሩለት።

የሠራውን ማየት ደስ ይላል። ወገቡን በገመድ አስሮ ወጣና በቤቱ ላይ ያጋደለውን ቅርንጫፍ መረጠ። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቅርንጫፉን ከታች ወደ ላይ ጥቂት ገዘገዘው። ቀጥሎ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ሲቆርጠው ቅርንጫፉ የግንዱን ልጥ ሳይገሽልጥ ተሰብሮ በገመድ ወረደ። የቀረውን ጉራጅ ደግሞ ከግንዱ ጋር አላስተካከለውም፤ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚበቅልበት ቦታ ያለችውን እብጠት ትቶ፣ ከእሷ ውጭ አነሳው። ዛፍ ቁስሉን የሚዘጋው ከዚያች እብጠት ተነስቶ ነው። ደረቁን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ ጣሪያ የሚነካውን አወረደ፤ ሌላውን አልነካም። ሲጨርስ ሐጂ ቀና ብለው ሲያዩት ዛፉ የተቆረጠም አይመስል። የወረደው እንጨት አጥር ሥር ተከመረ። ሐጂ ገንዘቤን ምን ላይ አዋልኩት ሳይሉ የቀሩ አይመስለኝም።

በአጥሩ ማዶ እስከ ቀትር አንድ አይሱዙ ሙሉ እንጨት ተጭኗል። ቆራጩ በሞተር መጋዝ የሰሳውን አናት ጠርቦ አውርዶ፣ ወፋፍራሙን ቅርንጫፍ ለቅሞ ሄደ። የቀረው ጉቶ ጉቶ የበዛበት ግንድ ነው። ነጋዴው ግን ግቢው ብርሃን ስላገኘ ተደሰተ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ከፍለው ጥላ ገዙ፤ እኔ ሳልከፍል ፀሐይ አገኘሁ» እያለ ሲቀልድ ከረመ።

በሁለተኛው ዓመት ቀልዱ እውነት መሰለ። የነጋዴው ቡና ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። እሸቱን ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ሲያስጭን ሐጂ እንደ ወትሮው መጠነኛ ቡናቸውን ለቀሙ። ነጋዴው ምስጢሩን ዝርያው ላይ አደረገው። «74110 እኮ ነው፤ በሽታ አያውቅም!» ዝርያው ከመልኮ ምርምር ማዕከል የወጣ ነው፤ በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 ዝርያው የተመረጠበት የፈረንጆች 1974 ነው። የቡና ፍሬን የሚያጠቃው ሲቢዲ በ1971 በኢትዮጵያ ከታየ በኋላ፣ በበሽታው መሐል ሳይነኩ የቆሙ ዛፎች ተፈልገው ነበር። ሲቢዲን በመቋቋሙ ነጋዴው አልተሳሳተም። ግን የገጠመው ሲቢዲ አይደለም።

ጥላ ያጣ ቡና አቅሙን አያውቅም። ፀሐዩን ሲያገኝ ከሚችለው በላይ ያፈራል፤ ፍሬው ለቅጠሉና ለሥሩ የሚሆነውን ምግብ ሁሉ ይስባል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ከዚያ ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። በሦስተኛው ዓመት የነጋዴው ቡና እንዲያ ሆነ። ሰሳውም በየጉቶው ውሃ እየገባ ከውስጥ በሰበሰ፤ ነፋስ ሲነሳ ወደ መኝታ ቤቱ ይንቋቋል።

ነጋዴው ያንኑ ቆራጭ አስጠራ። ቆራጩ ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ሰማ።

«ጋሼ፣ ይሄማ ለከሰልም አይሆን። በገንዘብ ከሆነ ልሥራው።»

የጠራውም ዋጋ የጌራው ሰው ሐጂን ከጠየቀው በላይ ነበር።

ነጋዴው በሐጂ በኩል የጌራውን ሰው አስለመነ። መጥቶ አየ። ግንዱ በገመድ ተይዞ ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ ይወርዳል፤ ቦታው ላይ ሌላ ጥላ ይተከላል። ቡናው ደግሞ ይጎነደላል፤ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ውሃ እንዳያቁር አግድም ሳይሆን በሰያፍ። ከሚያቆጠቁጠው ሁለት ሦስት ጠንካራ ቀንበጥ ይቀራል፤ ሌላው ይነቀላል።

«መቼ ያፈራል?»

«ሁለት ሦስት ዓመት ይታገሳሉ።»

ጎልማሳው እሳት አስነድዶ የመጋዙን ስለት እያገላበጠ አሳለፈበት። ቡናን ቆሞ ሳለ የሚያደርቀው በሽታ የሚገባው በቁስል ነው፤ ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚያሻግረውም ብዙ ጊዜ ገጀራና መጋዝ ነው። ስለቱ ሲበርድ ወደ መጀመሪያው ቡና ጎንበስ አለ። ይሄኔ ነጋዴው እጁን ያዘው። ሙሉ የሰሳ አናት አይሱዙ ላይ ሲጫን ቆሞ የሳቀ ሰው፣ ክንድ ለማታክል የቡና ግንድ ሳሳ።

«ይቺን እንኳን ተውልኝ፤ ገና አረንጓዴ ናት።»

«እንደፈለጉ። እኔ ግን ከእሷ ነው የምጀምረው።»

ነጋዴው እጁን ለቀቀ፤ ቀጥሎ የሚጎነደሉትን በዓይኑ ቆጠረ።

«ይሄን ሁሉ የቡና እንጨት ትወስደዋለህ?»

«አልወስድም።»

«እንግዲያው ዋጋህን ንገረኝ።»