ስለ ዐሥረኛው ሰው

ጸሎት የልብ ነገር ከሆነ፥ ልብም የየሰው ከሆነ፥ እግዚአብሔርም በስውር ያለውን የሚያይ ከሆነ፥ ሰው ከጓዳው ወጥቶ ከሌሎች ጋር ለመጸለይ ስለ ምን ይደክማል? ይህ ጥያቄ በብዙ ሃይማኖት ዘንድ የቈየ ነው፤ የአይሁድ መምህራን ግን በቍጥር መለሱት።

በምኵራብ ሥርዓት ዐሥር ሰው ካልተሰበሰበ የማኅበር ጸሎት አይሞላም። ይህንም ጉባኤ በዕብራይስጥ ሚንያን ይሉታል፤ ቍጥር ማለት ነው። ሰው ብቻውን መጸለይ አልተከለከለም፤ ዘጠኝም ቢሆኑ እያንዳንዱ የራሱን ያደርሳል። ነገር ግን ኦሪትን በጉባኤ ማንበብ፥ የመላእክትንም ምስጋና በኅብረት ማድረስ፥ ኀዘንተኛም ስለ ሙታን የሚያደርሰውን ቃዲሽ ማለት አይቻልም። ዘጠኙ ሊቃውንት ቢሆኑ፥ ዐሥረኛውም ፊደል ያልቈጠረ ቢሆን፥ ያለ እርሱ ጉባኤው አይቆምም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ70 ዓ.ም. የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ከፈረሰ ወዲህ መሥዋዕት ቀርቷልና፥ ያ ሕዝብ በተበተነበት አገር ሁሉ ይህ ቍጥር ደግፎ አቆመው። ግንብ ባይኖርም ዐሥር ሰው ካለ ጉባኤ አለ።

ዐሥርስ ከወዴት ተገኘ ቢሉ፥ ታልሙድ የሚያመጣው ምስክር የሚያስደንቅ ነው። ሙሴ ምድረ ከነዓንን ይሰልሉ ዘንድ ከላካቸው ከዐሥራ ሁለቱ፥ ኢያሱና ካሌብ ሲቀሩ፥ ዐሥሩ ክፉ ወሬ አምጥተው የሕዝቡን ልብ አቀለጡ። ኦሪት ዘኍልቍ እነዚህን ዐሥሩን በማኅበር ስም ይጠራቸዋልና፥ መምህራኑ ማኅበር ማለት ዐሥር ነው ብለው ተረጐሙ። እንግዲህ የጉባኤው ልክ የተወሰደው ከበደለኞች ነው። ስለ ዕጣንም ሲተረጕሙ፥ ሙሴ እንዲቀላቅለው ከታዘዘው ሽቱ መካከል ሽታው የሚከፋ ሙጫ እንዳለበት አይተው፥ በደለኞች የተለዩበት የማኅበር ጾም ሙሉ እንዳልሆነ አስተማሩ።

ዳግመኛም በታልሙድ የሚነገር ታሪክ አለ። መምህሩ ረቢ ኤሊዔዘር ወደ ምኵራብ ቢገባ ዐሥር ሰው አላገኘም። ወዲያውም ባሪያውን አርነት አውጥቶ ቍጥሩን ሞላበት። መምህራኑም በዚህ ነገር ተከራከሩ፤ ባሪያን አርነት ማውጣት አይገባም የሚል ትርጓሜ ነበራቸውና፥ ሕግ ፈርሶ ሕግ ይፈጸማልን? አሉ። የፍርዳቸውም መጨረሻ ለብዙዎች የሚሆን ትእዛዝ ከሌላው ይለያል የሚል ሆነ።

ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ይቀራል። ያ ሰው አርነት የወጣው ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ቍጥሩ? መምህሩ የፈለገው ወንድም ነውን ወይስ መሙያ? ያን ዕለት ዐሥር ሰው ተገኝቶ ቢሆን፥ ያ ሰው ባሪያ እንደ ሆነ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር። ይህን መሸፈን አይገባም። ዳሩ ግን ሌላ እውነት አለ፤ ጸሎቱ ሲፈጸም ጉባኤው ይበተናል፥ አርነቱ ግን አይመለስም። ሰው ሰውን በመጀመሪያ ስለ ጥቅሙ ሊፈልገው ይችላል፤ መልካም ሥርዓት ግን ከዚያ ፍላጎት የማይሻር በጎ ነገር ያወጣል።

ይህም በኀዘንተኛው ይታወቃል። አባቱ ወይም እናቱ የሞተችበት ሰው ዐሥራ አንድ ወር ቃዲሽ ያደርሳል። በዚያ ጸሎት ሞት አይነሣም፤ የእግዚአብሔር ስም ይመሰገናል እንጂ። አሜን የሚሉለት ያስፈልጉታልና ብቻውን ሊለው አይችልም። በመጀመሪያው ሰባት ቀን ማኅበሩ ወደ ኀዘንተኛው ቤት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ኀዘንተኛው ወደ ማኅበሩ ይሄዳል። ኀዘን ወደ ጓዳ ሲጎትተው ሥርዓቱ ወደ ደጅ ያወጣዋል። ዛሬ አሜን ያሉለት ሰዎች ነገ ባዘኑ ጊዜ፥ እርሱ ዐሥረኛ ሆኖ ይቆምላቸዋል።

ይሁን እንጂ ቍጥር የሚያቅፈውን ያህል ይለያል። በጥንቱ ሥርዓት የሚቈጠሩ 13 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ኦርቶዶክስ የሚባሉት አይሁድ ዛሬም በዚሁ ጸንተዋል። በአሜሪካ ያሉ ኮንሰርቫቲቭ የሚባሉት ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ሴቶችም እንዲቈጠሩ ፈቀዱ። ክርክሩ ስለ ምን ከበደ ቢሉ፥ የማይቈጠር ሰው ቢመጣ ደስ ይላል፥ ቢቀር ግን ስለ እርሱ ጸሎት የሚያዘገይ የለም።

የኢትዮጵያ ካህናት ይህን ነገር እንደ ባዕድ ነገር አይሰሙትም። ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን በታች አይቀደስምና፥ በገጠር አጥቢያ አንድ ዲያቆን ቢታጣ ቅዳሴ ይታጐላል። ያን ማለዳ ደብሩ ሁሉ አንዱን ብላቴና ይፈልገዋል። በማግሥቱስ? ጦሙን ማደሩን፥ መታመሙን፥ ትምህርቱን መተዉን ማን ይጠይቃል?

እንግዲህ የማኅበር ጸሎት ብልጫው ሰው ያለ ባልንጀራው ጐዶሎ መሆኑን በየዕለቱ ስለሚያስታውሰው ነው። ደጅ ደጁን እያየ ዐሥረኛውን የሚጠብቅ ጉባኤ ፍቅርን መማር ጀምሯል። ከገባ በኋላ ስሙንና ኑሮውን የማይጠይቀው ከሆነ ግን፥ ቍጥሩ ሞልቶ ማኅበሩ ጐድሏል።