ቅናሹን ማን ይከፍላል?

«ዋጋ ያወጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የሆነ ቴሌግራም ቻናል ላይ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ተለጥፏል እንበል። 95,000 የሚለው በቀይ ተሰርዞ ከሥሩ 52,000 ብር ተጽፏል። «ለ3 ቀን ብቻ»፣ «የቀሩት 7 ፍሬ ናቸው»፣ ከዚያ ሦስት የእሳት ኢሞጂ። ምሳሌው የኔ ነው፤ ግን ስልካችሁን ብትከፍቱ ወንድሙን አታጡትም። ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ወደኔ ይልካሉ፤ ኢንጂነሪንግ ስለተማርኩ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ የሚገባኝ ይመስላቸዋል። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ስለ ቸርኬና ኩሽኔታ የማውቀው ሰፈር ውስጥ ብስክሌት ሲያስጠግን ያደገ ማንኛውም ልጅ ከሚያውቀው አይበልጥም። ቢሆንም ሒሳቡን እሠራላቸዋለሁ። ስሠራው ደግሞ ሁልጊዜ ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ሆኖ ይታየኛል። «ዋጋ ያወጣል?» ስንል «ለኔ» ማለታችን ነው፤ ችግሩ ያለው እሷ ያልተጻፈችው «ለኔ» ላይ ነው።

መጀመሪያ የተሰረዘውን ቁጥር ከመንገድ እናንሳው። እ.ኤ.አ. በ1974 አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ሙከራ አለ። ሰዎች ፊት እንደ ሎተሪ የሚሽከረከር ጎማ ያዞራሉ። ጎማው 10 ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። ከዚያ፣ ከተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ውስጥ ስንት ፐርሰንቱ የአፍሪካ እንደሆኑ ይጠይቋቸዋል። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሆነ፤ 65 የወጣላቸው 45። ጎማው ስለ አፍሪካ ምንም አያውቅም። ግን ቁጥር አንዴ ጭንቅላት ውስጥ ከገባ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የተሰረዘው 95,000ም ያው ጎማ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ «የበፊት ዋጋ» የሚባለው ነገር ትርጉሙ ጠፍቷል፤ ዕቃው በየትኛው ምንዛሪ እንደገባ ከሻጩ በቀር ማን ያውቃል? ስለዚህ «43,000 ብር ቀነሰልኝ» አይባልም። የሚባለው «52,000 ብር ከፈልኩ» ነው። በቃ።

እና 52,000 ብር ምን ይገዛል? ሻጩ በትልቁ የሚጽፈው ቮልቱንና ዋቱን ነው። የሚያስኬዳችሁ ግን ባትሪው ውስጥ የሚገባው ጉልበት ነው፦ ቮልቱን በአምፒር-ሰዓቱ ታባዙታላችሁ። 36 ቮልት፣ 10 አምፒር-ሰዓት ከሆነ 360 ዋት-ሰዓት አላችሁ። ሜዳ ላይ ፔዳሉን እየረገጣችሁ ለ1 ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ዋት-ሰዓት ብታወጡ ከ24 እስከ 36 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። ማስታወቂያው «60 ኪሎ ሜትር» ካለ በነፋስ የሚገፋ ቀጭን ሰው አስበው ይሆናል። አዲስ አበባ ደግሞ ሜዳ አይደለችም። እናንተና ብስክሌቱ አንድ ላይ 105 ኪሎ ብትመዝኑና 150 ሜትር ሽቅብ ብትወጡ፣ ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 43 ዋት-ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ሞተሩ የሚያባክነው ሲጨመርበት ወደ 60 ይጠጋል። አንድ ዳገት፣ የባትሪው አንድ ስድስተኛ። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ላይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 300 ዋት አካባቢ ያስፈልጋል፤ 250 ዋት ሞተር ከሆነ የቀረውን በጉልበታችሁ ትሞላላችሁ።

እስከዚህ ያለው የገዢው ጉዳይ ነው። ባትሪው ግማሽ መንገድ ላይ አልቆ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ቤቱ የሚሄደው ራሱ ነው። ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ነበር ይሉታል፣ ይስቁበታል፣ ያልቃል። ርካሽ ዕቃ መግዛት በራሱ ነውር የለበትም። ማርሽ የሌለው፣ ስክሪን የሌለው፣ ቀለሙ የማያምር፣ ወንበሩ የሚቆረቁር ብስክሌት የተቀነሰለትን ነገር ፊት ለፊት ያሳያችኋል፤ ዋጋውንም በመቀመጫችሁ ትከፍላላችሁ። እንዲህ ያለውን ርካሽነት ንጹሕ እለዋለሁ።

ፍሬን ላይ ስንደርስ ነገሩ መቀየር ይጀምራል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚወርድ 105 ኪሎ ነገር በስስ የፍሬን ሸራ አልቆም ሲል፣ ዜብራው ላይ ያለችው ልጅ ከሻጩ ጋር ዋጋ አልተከራከረችም። ባትሪው ጋ ስንደርስ ደግሞ ለይቶለት ሌላ ጥያቄ ይሆናል።

አንድ የ36 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ሲከፈት ውስጡ ብዙ ጊዜ 40 ያህል ትንንሽ ሴሎች አሉ፤ 10 በተከታታይ፣ 4 በጎን። አንዱ ሴል 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው፤ ከአውራ ጣት ትንሽ ይበልጣል። እነዚህን የሚጠብቅ ቢኤምኤስ የሚባል ትንሽ ሰርኪት ቦርድ አለ፤ የትኛውም ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ እንዳይሞላ፣ ከልክ በላይ እንዳያልቅ፣ እንዳይግል ይከታተላል። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ሊነካ የሚችለው ይሄ ነው፦ ከተለያየ ቦታ የተሰበሰቡ ሴሎች፣ አንዳንዴ ከሌላ ባትሪ የተፈቱ፣ እና ለስም ያህል የተቀመጠ ቦርድ። ከላይ ጥሩ ፕላስቲክ፣ ጥሩ ስቲከር። መርካቶ ውስጥ «ታይዋን» የሚባለውን ዕቃ ዓይን ያለው ሰው በእጁ ዳሶ ይለየዋል፤ የታሸገ ባትሪ ግን አይዳሰስም። ሶፍትዌር ላይ ይሄን በደንብ አውቀዋለሁ። ሥራ በጥድፊያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቀረው ቴስቱ ነው፤ ዴሞ ላይ ደግሞ ቴስት ያለውና የሌለው ፕሮግራም ቁርጥ አንድ ናቸው።

«ያለፈው ዓመት ሞዴል ስለሆነ ነው የቀነስነው» የሚለው ምክንያት ለፍሬም ይሠራል። ሊቲየም ባትሪ ግን መጋዘን ተቀምጦም ያረጃል፤ በተለይ ባዶውን ከተቀመጠ።

አንዱ ሴል ውስጡ ሾርት ሲያደርግ ይግላል፣ ጎረቤቱን ያግላል፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ይለቃል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። ይሄ እንዲሆን የግድ የተበላሸ ሴል አያስፈልግም። የ48 ቮልት ባትሪ ቻርጀር ብዙ ጊዜ 54.6 ቮልት ይልካል፤ የ36 ቮልቱ ባትሪ 42 ላይ መቆም አለበት። መሰኪያቸው ግን አንድ ሊሆን ይችላል። ቻርጀሩ ተበላሽቶበት «ያው ነው» ተብሎ ሌላ የተሸጠለትን ሰው አስቡት፤ በመሃል ያለችው ያቺ ርካሽ ቦርድ ብቻ ናት።

ይሄ ነገር በሰፊው ተመዝግቦ የታየበት ከተማ ኒው ዮርክ ነው። የከተማው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ የተነሱ 268 እሳቶች መዝግቧል፤ 18 ሰው ሞቷል። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር ማንሃታን ቻይናታውን ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት መጠገኛ ሱቅ ሌሊት ተቃጠለ፤ የሞቱት 4 ሰዎች ከሱቁ በላይ ባለው ሕንፃ የሚኖሩ ነበሩ።  ከመስከረም 2023 ጀምሮ ዩኤል 2849 የሚባለውን የደህንነት መመዘኛ ያላለፈ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከተማው ውስጥ መሸጥ በሕግ ተከለከለ። ሕጉ የመጣው ሞቱ በቁጥር ከታየ በኋላ ነው፤ ሕግ ልማዱ ነው።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየም እንመለስ። ጂ+4 ብሎክ፣ ሊፍት የለም፣ አንድ ደረጃ። 25 ኪሎ ብስክሌት በየማታው አራተኛ ፎቅ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው የለም፤ አንድ ሳምንት ይሞክራል፣ ከዚያ ይተዋል። ባትሪው የሚፈታ ካልሆነ ብስክሌቱ ደረጃው ሥር ይቆማል፣ በዲቫይደር ተስቦ ይሰካል፣ ባለቤቱ ወጥቶ ይተኛል። የሁሉም መውጫ እዚያው ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እናት፣ ሦስተኛ ፎቅ አራስ ያለችበት ቤት፣ ማታ ፈረቃ ገብቶ ጠዋት የሚተኛው ጥበቃ፣ ሁሉም በዚያች ደረጃ ነው የሚወርዱት። ገዢው ደህና ባትሪ ያለውን ብስክሌት ትቶ ርካሹን ሲገዛ የተረፈውን ብር ለደረጃው ሰው አላካፈለም። አደጋውን ግን አካፍሏል፣ ያውም ሳይጠይቅ።

«ዕድሉ እኮ ትንሽ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ከነዚህ ባትሪዎች አብዛኞቹ አይቃጠሉም። ከዚህ የሚጠነክር መከራከሪያም አለ። እዚያው ብሎክ ውስጥ ሰው በከሰል ወጥ ይሠራል፣ የቡታጋዝ ሲሊንደር በየቤቱ አለ፤ እነሱስ አይቃጠሉም? ብስክሌቱ ምን አደረገ? እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስቤበታለሁ። ከሰሉና ቡታጋዙ የጋራ አደጋ ናቸው፤ ሁሉም ያበስላል፣ ሁሉም አንዱ ባንዱ ላይ ተመጣጣኝ አደጋ ይጥላል። ሽታውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ጎረቤት አንኳኩቶ «ኧረ ጋዝ ሸተተኝ» ይላል። ባለቤቱም ሲጠቀምበት አጠገቡ ነው። ደረጃው ሥር የተሰካው ባትሪ ግን የአንድ ሰው ጥቅም ነው፣ ሁሉም ሲተኛ ነው የሚሠራው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ አያውቅም። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ አደጋውን ትንሽ ያደርገዋል እንጂ ያላወቀውን ሰው ፈቃደኛ አያደርገውም።

የከበደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። «አንተ ደሞዝ አለህ፤ ራይድ ትጠራለህ» ሊለኝ የሚችል የዴሊቨሪ ልጅ አለ። ለሱ ብስክሌቱ እንጀራው ነው። በሚያደርሰው ዕቃ ልክ የሚከፈለው ልጅ ዳገቱን በእግሩ ሲገፋ የሚያጣውን ቆጥሮ ያውቀዋል። 52,000 ብሩም ከዕቁብ ወይ ከዘመድ የተሰበሰበ ይሆናል። ለዚህ ልጅ መመዘኛ ያለፈ ባትሪ ግዛ ማለት አትግዛ እንደማለት ነው። ኒው ዮርክም ውስጥ እንዲህ ያሉትን ባትሪዎች ሲገዙ ከነበሩት ውስጥ ምግብ አድራሾች ብዙ ነበሩ፤ የሚያደርሱላቸው ድርጅቶች በፍጥነታቸው ያተርፋሉ፣ ብስክሌቱን የሚገዛው ግን ሠራተኛው ነው። ሰንሰለቱን ተመልከቱት፦ አምራቹ አደጋውን ለአስመጪው፣ አስመጪው ለሻጩ፣ ሻጩ ለልጁ፣ ልጁ ለደረጃው። እያንዳንዱ ትንሽ አትርፎ ወደ ታች ያስተላልፋል። መጨረሻ ላይ ያለውን ልጅ ብቻ ይዞ ሥነ ምግባር ማስተማር ፈሪነት ነው የሚመስለኝ፤ የሚቀርበንን እንጂ የሚበልጠውን ጥፋተኛ መያዝ አይደለም።

ቢሆንም ልጁ ምንም ምርጫ የለውም ማለትም እሱን መናቅ ነው። ችግሩ መግዛቱን ያስረዳልኛል፤ ሌሊት ደረጃ ሥር መሰካቱን ግን አያስረዳልኝም። ባትሪው የሚፈታ መሆኑን አይቶ መግዛት ይችላል፣ ቀን ክፍት ቦታ ላይ ዓይኑ እያየ መሙላት ይችላል፣ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ማንበብ ይችላል። በአሲድ ባትሪ የሚሠራውን መግዛትም አለ። እሱ ከባድ ነው፤ 48 ቮልቱ አራት ባትሪ ነው፣ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ቶሎ ይደክማል፣ ሲሞላም ነፋስ ያለው ቦታ ይፈልጋል። ኢንጂነር የሆነ ሁሉ ያላግጥበታል። ግን እንደ ሊቲየሙ ከሴል ወደ ሴል እየተዛመተ አይነድም። መጥፎነቱን በአብዛኛው የሚሸከመው ነጂው ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁለቱ መጥፎ ምርጫዎች ይሄኛውን አከብራለሁ።

ስለ ሻጩ ብዙ አልተናገርኩም፤ ምክንያቱም ትንሽ ቆይቶ ሻጩ እኛው ነን። ሮማዊው ቺቸሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቤቱን ስለሚሸጥ ሰው ያነሳል። ቤቱ ለጤና የማይሆን፣ እንጨቱ የበሰበሰ ነው፤ ይሄን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም። መናገር አለበት ወይ? ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። ዲዮጋን፣ ግዛ ብሎ ያስገደደህ የለም፣ አለመናገርና መደበቅ ይለያያሉ ይላል። ተማሪው አንቲጳጥሮስ ደግሞ አውቆ ሌላውን ወደ ጉዳት መንዳት ነው ይላል። ቺቸሮ ለተማሪው ያደላል፣ እኔም። ግን የዲዮጋንን ክርክር ብንጥለው እንኳ ሁለቱም ያሰቡት ስለ ሻጭና ገዢ ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ክርክሩ ውስጥ የለም።

ከዓመት ተኩል በኋላ ያ ባትሪ 36 ኪሎ ሜትር የነበረው 14 ላይ ማቆም ይጀምራል፣ ሲሞላም ይሞቃል እንበል። ያኔ ለጥፎ መሸጥ ነው፦ «ብዙ ያልተነዳ፣ ንጹሕ፣ በአስቸኳይ»። ወይም ባትሪውን አውጥቶ ብስክሌቱን ለብቻው መሸጥ፤ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል። ያወጣችሁት ባትሪ ቤት ውስጥ አይቀመጥ፣ ገንዳ ውስጥ አይጣል። ጠዋት በበራችሁ የሚያልፈው ቆራሌው ይወስደዋል፣ ምናልባትም ጥቂት ብር ይሰጣችኋል። የሚያሳድርበት ቦታ ሚስቱና ልጆቹ የሚተኙባት ክፍል ሊሆን ይችላል። ትነግሩታላችሁ?