ጧሪን ስለ መቅጠር ለክርስቲያን ልጆች የተጻፈ ምክር



በአገራችን ልጅ ሲወለድ «ጧሪ ቀባሪ ያድርግልህ» ተብሎ ይመረቃል። በዚህ ምርቃት መጦር ከመቅበር ቀድሞ እንደ ተነገረ አስተውል። ዛሬ ግን ብዙዎች ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል። አባት በሕይወት ሳለ የሳሙና መግዣ የከበዳቸው ሰዎች፥ አባት በሞተ ጊዜ ድንኳን ይተክላሉ፥ በሬ ይጥላሉ፥ ለለቀስተኛው ሁሉ ያበላሉ። ሙት ግን አይራብም፥ አይጠማም፥ ጎኑም አይቈስልም። ስለዚህ ገና በሕይወት ላሉት እንነጋገር።

በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ወረዳ ትየርኪዲ የሚባል የስደተኞች ሰፈር አለ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሕዝብ፥ ይልቁንም የኑዌር ወገን፥ በፓጋክ በኩል ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ትየርኪዲም በዚያው ዓመት መጠጊያ ሆኖ ተከፈተላቸው። ያን ጊዜ የልጅ ልጆቻቸውን አዝለው በእግራቸው የመጡ እናቶች ዛሬ ሌላ ሰው ካልደገፋቸው ከጎጆአቸው ደጃፍ አይደርሱም። ግንባራቸው ላይ የጎልማሳነት መስመር የተሰመረባቸው፥ በከብታቸው ብዛት የተከበሩ አባቶች፥ ዛሬ ውኃ የሚያቀብላቸውን ይጠባበቃሉ። ልጆቻቸው ግን ተበትነዋል። አንዱ በጋምቤላ ከተማ ይማራል፤ ሌላው በአዲስ አበባ እንጀራውን ይፈልጋል፤ ሌላውም በአሜሪካ በኦማሃ ከተማ ከብዙ ወገኖቹ ጋር ይኖራል።

እንዲህ ያለ ልጅ ልቡን የሚወጋ ጥያቄ አለው፤ «እኔ ራሴ ሄጄ ልጦራቸው ካልቻልሁ፥ በደመወዝ ሰው ብቀጥርላቸው ወላጆቼን እንደ መጣል ይቈጠርብኛልን?» ይላል። ጎረቤትም «እናቱን ለባዕድ ሰጠ» ብሎ እንዳያማው ይፈራል። ጥያቄው የትየርኪዲ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ከጎንደር ወይም ከነቀምት እናቱን ትቶ በከተማ የሚኖር ሁሉ ይጠይቀዋል። እንግዲህ ከቃሉ መልስ እንፈልግ።

በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ያለውን የደጉን ሳምራዊ ነገር ታውቃለህ። ሳምራዊው ቍስሉን በገዛ እጁ አሰረ፥ በገዛ እንስሳው ላይ ጫነው፥ ሌሊቱንም አብሮት አደረ። በማግሥቱ ግን መንገድ ነበረበትና ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፍሎ አደራ ሰጠው። ጌታችን ይህን ሰው ስለ መክፈሉ አልነቀፈውም፤ ይልቁንም ምሳሌ አድርጎ ሰጠን። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በል። የከፈለው አስቀድሞ በእጁ ከዳሰሰ በኋላ ነው፤ ደግሞም ተመልሶ እንደሚመጣና የጐደለውን እንደሚሞላ ቃል ሰጥቶ ሄደ። ገንዘብ ጥሎ የሚሄድና የማይመለስ ሰው ሳምራዊውን በከፊል ብቻ መስሏል።

ደመወዝ ፍቅርን ያረክሳል የሚል ሰውም ቢኖር የሙሴን እናት ያስብ። የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን አጥቢልኝ ብላ ደመወዝ ቈረጠችላት፤ እርስዋም የገዛ ልጅዋን በደመወዝ አሳደገች። ደመወዙ የእናትነትን ፍቅር አላሳነሰውም። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ። በዚያ ሕማም ውስጥ ሆኖ ለእናቱ ጧሪ ካዘጋጀ፥ እኛ ሥራ በዛብን፥ ትምህርት ያዘን ብለን እንዴት እናመካኛለን?

እንግዲህ መቅጠር ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ በሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ «ባዕድ አይነካትም» በሚል ኩራት አሮጊቲቱን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ትቶ መሄድ ነው። ልጅቱ ውኃ ትቀዳለች፥ ታበስላለች፥ አያትዋን ታነሣለች፥ ትምህርትዋም ይቀራል። ይህ አንዲቱን ነፍስ ለማዳን ሌላዪቱን መግፋት ነው፤ ክብሩ ለልጁ ሆኖ ሸክሙ በሕፃን ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው ገንዘብ ልኮ ልብን መዝጋት ነው። በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ ጌታችን «ቍርባን» በሚል ሰበብ ወላጆቻቸውን የነፈጉትን ገሠጸ፤ ዛሬም በወር አንድ ጊዜ የተላከ ገንዘብ ለአንዳንዱ ቍርባን ሆኖለታል።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንናገር፤ በሥራ ያልተገለጠ ምክር ዝናብ እንደሌለው ደመና ነውና።

ፊተኛው፥ ወላጅህን ጠይቅ። አረጋዊ ሰው ዕቃ አይደለም፤ ሳይጠየቅ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ማን እንዲያጥባቸው፥ ማን ሌሊት አጠገባቸው እንዲተኛ ይወዳሉ? በኑዌር ዘንድ በአማችና በአማት መካከል የሚጠበቅ ብርቱ መከባበር አለ፤ ሽማግሌውም በልጁ ሚስት ፊት ዕርቃኑን መሆን ሞት ይመስለዋል። ለወንዱ ወንድ፥ ለሴቲቱ ሴት ብትቀጥር ይህን ኀፍረት ታርቅላቸዋለህ። የኖኅ ሁለቱ ልጆች የአባታቸውን ዕርቃን ላለማየት ወደ ኋላ እየተራመዱ እንደ ሸፈኑት አትርሳ። የሚቀጠረውም ሰው ቋንቋቸውን ይወቅ፤ በሕመም ጊዜ በባዕድ ቋንቋ መማጠን ሌላ ስደት ነውና።

ሁለተኛው፥ የምትቀጥረውን መርምር። በአዲስ አበባ ነርስ ወደ ቤት የሚልኩ ሰዎች ይገኛሉ፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅትም ሕሙማንን በየቤታቸው እየጐበኘ ሲያስታምም ኖሯል። ትየርኪዲ ግን አዲስ አበባ አይደለችም። በዚያ የሚቻለው፥ በሰፈሩ የጤና ሥራ የሠለጠነ ወይም በማስታመም የታወቀ ታማኝ ሰው መፈለግ፥ ጤና ጣቢያውም ሥራውን እንዲያሳየውና እንዲጐበኘው መለመን ነው። በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ የመበለቶች ማዕድ በተጓደለ ጊዜ ሐዋርያት ያገኙትን ሰው አልሾሙም፤ በመልካም የተመሰከረላቸውን አስመረጡ እንጂ። አንተም ከሁለት ሦስት ጎረቤት ምስክር ስማ።

ሦስተኛው፥ የሚሠራው ሥራ ይታወቅ። «ተንከባከባቸው» ማለት ብቻውን ትእዛዝ አይሆንም። ከመኝታ የማይነሣውን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን ያገላብጡት፤ ተረከዙን፥ ዳሌውንና የጀርባውን ታች በየቀኑ ይመልከቱ፤ የቀላ ቦታ ካዩ ቍስሉ ሊጀምር ነውና በዚያ ጎን አያስተኙት። የረጠበ ልብስ ፈጥኖ ይለወጥ። ሲመገብ ቀና ብሎ ይቀመጥ፥ እንዳይታነቅም በጥቂት በጥቂቱ ይጕረስ። የጋምቤላ ሙቀት ብርቱ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ጥሙ ቶሎ አይታወቀውምና ሳይጠይቅ ውኃ ይሰጠው። ሌሊት በአጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ወባ ደካማውን አይምርምና።

ደግሞ «እርጅና ነው» በሚል ቃል ሕመምን አትሸፍኑ። አፉ በድንገት ቢጣመም፥ አንደበቱ ቢታሰር፥ አንድ እጁ ቢዝል፥ ትናንት ያወቀውን ልጁን ዛሬ ቢስት፥ ወይም ትኵሳት ቢይዘው፥ ይህ የዕድሜ ነገር አይደለም፤ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

አራተኛው፥ ደመወዙ የተጻፈና የታመነ ይሁን። ስንት ብር እንደሆነ፥ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል፥ የዕረፍቱ ቀን መቼ እንደሆነ፥ በዚያም ቀን ማን እንደሚተካው በምስክር ፊት ይጻፍ። ያላረፈ አስታማሚ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰውም እጁ ይከብዳል። የሠራተኛን ዋጋ ማዘግየት በኦሪትም በያዕቆብ መልእክትም የተወገዘ ነው። ደግሞ «ከእናቴ ራሽን ይብላ» አትበል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ለስደተኞች የሚሰጠው የምግብ ርዳታ ተቋርጦ እንደ ነበር አስብ፤ ያለ ሌላ ስንቅ የነበረ ሽማግሌ በዚያ ወራት ምን እንደ ደረሰበት አንተው ገምት። የአስታማሚው ምግብ ለብቻው ይታሰብ፤ ራሽኑን ማን እንደሚቀበልላቸውም አስቀድሞ ይወሰን።

አምስተኛው፥ ተመለስ። በጋምቤላ ከተማ ያለህ ተማሪ ዕረፍት ባገኘህ ጊዜ ሂድ፤ ሳትናገርም ሂድ። ገላቸውን ራስህ እጠብ፥ ጎናቸውን ራስህ ተመልከት። ባሕር ማዶ ያለኸው በስልክ ድምፅህን አሰማ፤ አስታማሚው በሌለበትም ይናገሩ ዘንድ ሌላ ሰው ስልኩን ይያዝላቸው። ከሲታ ከሆኑ፥ ሰው ሲገባ ከደነገጡ፥ ስለ አስታማሚው ሲጠየቁ ዝም ካሉ፥ ነገሩን ሳትዘገይ መርምር። አደራ ያለ ጠያቂ አይጠበቅም።

ምናልባት «ድኻ ነኝ፥ ብቻዬን አልችልም» ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል፤ በአዲስ አበባም በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው መቄዶንያ ጧሪ ያጡትን ይሰበስባል። ይህ ግን ልጅ ላለው ሰው ማምለጫ አይደለም። ለቀብር ዕድር የምናቋቁም ሕዝብ ለመጦር ስለምን አናዋጣም? አምስት ወንድማማቾች በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ የአንድ አስታማሚ ደመወዝ ሊሞላ ይችላል። በቤተ ክርስቲያንም ወጣቶች ተራ ገብተው ውኃ ቢቀዱ፥ እንጨት ቢለቅሙ፥ አስታማሚው በሚያርፍበት ቀን ቢተኩ፥ ይህ ከብዙ መዝሙር ይልቅ ደስ ያሰኛል። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በፊተኛው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ፥ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ መቈጠሩን አንብብና ራስህን መርምር።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፤ አንተን የወለዱህ ሰዎች በሕፃንነትህ ማን እንዲያነሣህ፥ ማን እንዲያጥብህ አልተከራከሩም፤ አነሡህ፥ አጠቡህ። አሁን ተራው የአንተ ነው። በገዛ እጅህ ማድረግ ከቻልህ አድርግ። ካልቻልህ ታማኝ እጅ ፈልግ፥ ዋጋውን በጊዜው ክፈል፥ ተመልሰህም አደራህን ጠይቅ። ይህን ጽሑፍ አንብበህ ስትጨርስ ለወንድሞችህ ላክባቸውና ከዚህ ሳምንት መጨረሻ በፊት ስለ አባታችሁና ስለ እናታችሁ ተመካከሩ። ለድንኳኑ ጊዜ አለ፤ ለውኃው ግን ዛሬ ነው።

የአብርሃምን ሽምግልና የባረከ አምላክ የወላጆቻችንን ሽምግልና ይባርክ፤ ለእኛም የሚጦር እጅና የሚመለስ ልብ ይስጠን። አሜን።