የተራበን ሰው ወገኑን መጠየቅ ይገባልን?

ጦርነት በተነሣ ቁጥር ከእርዳታው እህል ቀድሞ የሚደርስ ጥያቄ አለ፤ የሚረዳው ሕዝብ የማን ወገን ነው? ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ይህ ጥያቄ በየመንደሩ ተነሥቷል፤ ዛሬም አልተዘጋም። ጥያቄው የፖለቲካ ይመስላል፤ ሥሩ ግን የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ነው። ምክንያቱም ምጽዋት ለሚገባው ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ሰጪው አስቀድሞ ዳኛ መሆን አለበት። የኔ ክርክር ተቃራኒው ነው፤ በጦርነት መካከል ለተያዘ ሰላማዊ ሰው የእርዳታ መብት የሚሰጠው ችግሩ ራሱ ነው። ወገኑ፣ ንጽሕናው ወይም ምስጋናው በሚዛን ላይ የሚቀመጥ አይደለም።

የሁለቱ ታላላቅ ሃይማኖቶቻችን ትምህርት ወደዚሁ ይመራል። ክርስቶስ ባልንጀራዬ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ወንበዴዎች ደብድበው መንገድ ላይ ስለጣሉት ሰው ተናገረ። ያነሣው ያገሩ ካህን ሳይሆን አይሁድ የሚጸየፉት ሳምራዊ ነበር። ሳምራዊው ቁስሉን ከማሰሩ በፊት የቁስለኛውን እምነት አልጠየቀም። ቁርኣንም በአል ኢንሳን ምዕራፍ ምግብን ለድኃ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ የሚያበሉትን፣ ምላሽም ምስጋናም የማይሹትን ያወድሳል። ምርኮኛ ማለት ትናንት ሰይፍ የመዘዘ ጠላት ነው። ምግብ ለእርሱ እንኳ ከተገባ፣ መሣሪያ ጨብጦ ለማያውቅ ሕፃንና አረጋዊ እንዴት አይገባም?

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች የቅርብ ታሪክ ይህን ትምህርት በተግባር ያሳያል። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ ከእነርሱም በሺህ የሚቆጠሩት ሰበታና ሱሉልታን ወደ መሰሉ የመዲናይቱ ዙሪያ ከተሞች መጥተው ሰፈሩ። ዓመት ሳይሞላ፣ በመስከረም 2011 መጀመሪያ፣ ከቡራዩና ከአካባቢው ሌሎች ሰዎች፣ አብዛኞቹ የጋሞ ተወላጆች፣ ዘመዶቻቸው ተገድለውባቸው ሸሹና በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ሰንዳፋን አልፎ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድም ደብረ ብርሃን ሲደርስ ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች መጠለያ ያገኛል። በአንድ ዙሪያ ገባ ውስጥ ተፈናቃይ የሚቀበልም ተፈናቃይ የሚወጣበትም ከተማ አለ። እርዳታን በብሔር የሚመዝን ሰው ዛሬ ተጠቂ ያለውን ነገ አጥቂ ሊለው ነው፤ እንዲህ ያለ ሚዛን ለማንም አይቆምም።

ብርቱው ተቃውሞ ፍትሕን መሠረት ያደረገ ነው። ልጁ የተገደለበት አባት፣ የገዳዮቹን ወገን መመገብ በሟች ላይ ማላገጥ ነው ቢል ሐዘኑን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን እንጀራ ፍርድ አይደለም። ገዳይ የሚጠየቀው በስሙ፣ በፍርድ ቤት ነው፤ ረሃብ ግን ስም ለይቶ አይቀጣም። ለዚህም ከሁሉ የሚበልጥ ምስክርነት የሰጡት ራሳቸው የተበደሉት ናቸው። ቡራዩ ላይ የሆነው ሲሰማ አርባ ምንጭ ውስጥ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ፤ የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተንበረከኩና መንገዱን ዘጉ። ደም ያፈሰሰውን ከደሙ ተወላጅ ሁሉ መለየት የሚቻል መሆኑን ያሳዩት ሐዘኑ ገና ትኩስ ሳለ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ እርዳታ ጦርነትን ይመግባል የሚለው ነው፤ ባዶ ወቀሳም አይደለም። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የደርግ መንግሥት እርዳታውን ከሰፈራ ዘመቻ ጋር አያያዘው፤ ይህን በአደባባይ የነቀፈው የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። በሰኔ 2015 ደግሞ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት፣ እህሉ ለሌላ ዓላማ ውሏል በማለት በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ ለወራትም ቆየ። ስርቆቱ እውነት ነው፤ ቅጣቱ ግን የወደቀው በሰረቀው ላይ ሳይሆን በተሰረቀበት ላይ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መስጠትን መተው ሳይሆን አሰጣጡን መጠበቅ ነው፤ መዝገቡ ግልጽ ይሁን፣ ተረጂዎቹ ራሳቸው ይቁጠሩ፣ ሌባው ይጠየቅ። የ1978ቱ መባረርም የሚያስተምረው አለ፤ ለሁሉም እኩል መስጠት ስለ ግፍ ዝም ማለት አይደለም። ዝምታ ሰጪውን የበዳዩ መሣሪያ በሚያደርግበት ጊዜ መናገር የምጽዋቱ አካል ነው።

ወገን አለመለየት የዋህነት ነው የሚልም አይጠፋም። ዋጋውን የከፈሉት ግን የዋህ አልነበሩም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ሲቃረብ ነበር፤ በታኅሣሥ 1928 የጣልያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድንን የቀይ መስቀል ሆስፒታል ደብድበው ሕሙማንን ገደሉ። በሰኔ 2013 ደግሞ ትግራይ ውስጥ ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች፣ አንዲት ስፔናዊትና ሁለት ኢትዮጵያውያን፣ ቁስለኞችን ፍለጋ በተሰማሩበት ተገደሉ። የእርዳታ ሠራተኛ ጋሻው ሁሉም ወገን የእኔም ነው ብሎ ማመኑ ብቻ ነው። ለአንዱ ወገን ብቻ እንዲሠራ የምንጎተጉተው ያንን ጋሻ እየገፈፍነው ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ወገናችን ቁስለኛም የሚደርስ አይኖርም።

ስለዚህ በሰንዳፋም ሆነ በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ ያለ ደብር፣ መስጊድና እድር ለተፈናቃይ ሲያዋጣ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የሚበላውንና የሚለብሰውን ለማወቅ እንጂ ለመመዘን አይሁን። ሰጪም ተቀባይም በሚለዋወጡበት አገር ውስጥ ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለንም።