ቤት ውስጥ ያለ ባሕር

የጨው ውሃ ገንዳ ቤቱ ያኖረ ሰው ቀድሞ የሚማረው ውሃ እንደሚተን፣ ጨው ግን እንደማይተን ነው። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሆኖም 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ በቀን ሁለት ሦስት ሊትር እየተነነ መስመሩ ዝቅ ሲል፣ የጀማሪ እጅ የሚሄደው ወደ ጨው ውሃው ባልዲ ነው። የጎደለው የባሕር ውሃ ይመስለዋላ! የጎደለው ግን ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው በሙሉ እዚያው ቀርቷል። ጉድለቱን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ገንዳውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያመረረ፣ ጥሩ የሠራ እየመሰለው ይገድለዋል።

ንጹሕ ውሃ የሚጨምርለት ያጣ ባሕር ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ ወደ ዳናክል ይውረድ። ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ስንሄድ ቀይ ባሕር ያን ረባዳ ምድር ሸፍኖት ነበር። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፤ ፀሐይ ውሃውን ጠጣችው፤ ጨው ቀረ። አፋሮች እየጠረቡ በግመል የሚያወጡት፣ ድሮ አሞሌ ሆኖ በየገበያው እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረው ጨው የዚያ ባሕር ቅሪት ነው። ጨዉን ሁሉም ያውቀዋል። ከሜዳው ዳር ዳር የዚያው ባሕር ኮራሎች አጽም፣ ቅርጹን እንደያዘ፣ ጠብታ ውሃ በሌለበት በረሃ ቆሞ እንደሚታይ ግን ብዙ ሰው አልሰማም። ባሕር በር የለንም እያልን የምንቆጭ ሰዎች በአገራችን የደረቀ የኮራል አለት መኖሩን አለማወቃችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የኮራል ገንዳ ለሩቅ ተመልካች ዓሣ ማርባት ይመስላል። ዓሣው ትርፍ ነው። የሚጠበቀው ውሃው ነው፤ ውሃውም የሚጠበቀው እንዳይለወጥ ነው። በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው፣ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ካልሲየሙ በሊትር 420 ሚሊግራም ገደማ፣ አልካሊኒቲ የሚሉት ደግሞ፣ ማለትም ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት ለኮራሉም የአጽሙ ጥሬ ዕቃ የሆነው፣ በጀርመን ዲግሪ ከ8 እስከ 9። በቁጥሮቹ ላይ መጨቃጨቅ አይጠቅምም፤ ሁለት ሰዎች በተለያየ ቁጥር ያማረ ኮራል ያሳድጋሉ። ቁጥሩ ዛሬ 8፣ ነገ 10፣ ከነገ ወዲያ 7 ሲሆን ነው የኮራሉ ሥጋ ከአጽሙ ላይ እየተገፈፈ ነጭ ድንጋይ ብቻ የሚቀረው።

አልካሊኒቲን መለካት ቀላል ነው። በትንሽ ብልቃጥ 5 ሚሊ ሊትር የገንዳ ውሃ ይቀዳል። መለኪያው ፈሳሽ ጠብ ሲል ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። ብልቃጡን ነቅነቅ፣ ሌላ ጠብታ፤ ነቅነቅ፣ ሌላ ጠብታ። ሰማያዊነቱ ጸንቶ ይቆይና በአንዲት ጠብታ ድንገት ወደ ቢጫ ይዞራል። እስከዚያች ድረስ የተቆጠሩት ጠብታዎች ዲግሪው ናቸው። ባለፈው 8 የነበረው ዛሬ 7 ከሆነ ኮራሎቹ ወስደውታል፤ በልተው አጽም ሠርተውበታል። ደህና ናቸው ማለት ነው። ካልጎደለ ደግሞ መጨነቅ ይገባል፤ ማደግ አቁመዋል። እዚህ ቤት ጤና የሚታወቀው በጉድለት ነው። ኮራሉ በፋፋ ቁጥር የሚኖርበትን ውሃ ያደኸያል፤ ጠባቂውም የተወሰደውን እየመለሰ ቁጥሩን ያለበት ያቆየዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለውጥ እንዳይታይ ነው። ቤት የሠራ ሰው ቤቱን ያሳያል፤ እህል ያጨደም ክምሩን። ለዚህኛው ሥራ ግን ትልቁ ምስክር ምንም አለመፈጠሩ ነው። እንግዳ መጥቶ ሰማያዊ መብራት፣ የሚወዛወዝ ኮራል፣ ውልብ የሚል ዓሣ ያያል። ያልሆነውን ሁሉ አያይም።

ጅማሬው ደግሞ ለዐይን ከባድ ነው። ገንዳው ታጥቦ፣ አለቱ ተደርድሮ፣ ጨዉ ተበጥብጦ፣ ፓምፑ ከተነሳ በኋላ አራት ወይም ስድስት ሳምንት ባዶ ውሃ ማየት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። አንደኛው ወገን ከብስባሽና ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዘኛ አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት፣ ማለትም ጉዳቱ ወደሚቻለው ይለውጣል። አሮጌ ገንዳ ካለው ወዳጅ አንድ ቁራሽ አለት ማምጣት እንደ እርሾ ነው፤ ያፋጥናል፣ ነገር ግን ጊዜን አይተካም። ከዚያ አለቱ ቡናማ ይለብሳል፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ አልጌ ያበቅላል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሱቁ ለእያንዳንዱ ቀለም መድኃኒት አለው፤ ጀማሪው አንዱን ጠርሙስ ጨምሮ ሳይውል ሳያድር ሁለተኛውን ይጨምራል። ካየኋቸው የጠፉ ገንዳዎች አብዛኞቹ የጠፉት በቸልተኝነት ሳይሆን እጅ በማብዛት ነው።

ይህን ቀድሞ የገባው አንድ የጃካርታ ሰው ነበር። ሊ ቺን ኤንግ ይባላል። ሌላው ዓለም የኮራል አጽም በክሎሪን እያጠበ ለጌጥ ሲደረድር፣ እሱ ከነሕይወቱ ከባሕር የወጣ አለት ገንዳ ውስጥ አኖረ፤ ቀጭን የአየር አረፋ ብቻ ለቀቀበት። አለቱ ላይ የነበሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ውሃውን አጠሩለት። እ.ኤ.አ. በ1961 ዘዴውን ጽፎ አሳተመ። በኋላ የበርሊን ሰዎች በዚያው መንገድ ላይ ጠንካራ መብራትና ስኪመር ጨመሩ። ስኪመር አረፋ እያስነሳ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ቆሻሻ ለቅሞ በአንድ ጽዋ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው፤ ጽዋውን የሚያጥብ ሰው ሽታውን መቼም አይረሳውም።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ገንዳው ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጠብታ ስቆጥር፣ ውሃ ስቀዳ፣ ስደፋ አየችኝና፣ “ልጄ፣ ይህን ሁሉ ደክመህ አይበላም?” አለችኝ።

“አይበላም፣ እትዬ።”

“ታዲያ ምን ይሠራል?”

ኮራሉ ድንጋይ ሳይሆን እንስሳ እንደሆነ፣ ሥጋው ውስጥ በዐይን የማይታይ አልጌ እንደሚኖር፣ አልጌው ከብርሃን ምግብ ሠርቶ እንደሚያካፍለው፣ እሱም መጠለያ እንደሚሰጠው ነገርኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና፣ “በል እንግዲህ፣ እግዜር ያሳድግልህ” አለችና ስለ ሠርግ ማውራት ጀመርን።

“እንዴት ያምራል!” ከሚሉኝ እንግዶች ሁሉ ይልቅ የእሷ ጥያቄ ክብደት አለው። ምን ይሠራል? ውበት ለዚህ ሁሉ ድካም በቂ መልስ አይመስለኝም፤ ውበት ከሆነ የሚፈለገው ጥሩ ፊልም ይበቃል። የእኔ መልስ ሌላ ነው። ባሕር በነጻ የሚሠራውን ሥራ ዋጋ ሰው የሚያውቀው ራሱ ሊሠራው ሲሞክር ነው። በውቅያኖስ ውስጥ የሞተ ዓሣ ለሌላው እራት ነው። በ200 ሊትር ውስጥ ግን ከአለት ኋላ ተደብቆ የሞተ አንድ ዓሣ ገንዳውን ሁሉ ሊበክል ይችላል። ባሕር በስፋቱ የሚሸከመውን ሰው በትጋት መሸከም አለበት፤ ትጋት ደግሞ እንቅልፍ ያምራታል።

ይህን ሸክም መጀመሪያ ከተሸከሙት አንዷ የለንደኗ አና ታይን ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1846 ከቶርኪ ባሕር ዳርቻ ሕያው ኮራሎች ይዛ ወደ ቤቷ መጣች። ፓምፕ የለም፣ መብራት የለም። ውሃው አየር እንዲያገኝ በተከፈተ መስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ መገልበጥ ነበረበት፤ የገለበጠችውም የቤት ሠራተኛዋ ናት፣ በየቀኑ። የእመቤቲቱ ስም በታሪክ ተጽፏል፤ የሠራተኛዋ ስም ሲጠራ ግን አልሰማሁም። ዛሬ የእሷን ሥራ ፓምፕ ይሠራዋል። መብራት የጠፋ ሌሊት ግን የተሠራው ሥራ ምን ያህል እንደነበር ይታወቃል። ጥቂት ሰዓት ሲያልፍ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይመናመናል፤ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ያኔ ባትሪ ያላዘጋጀ ሰው ጆግ ይዞ ቆሞ እየቀዳ ይገለብጣል፤ ልክ እንደ ሠራተኛዋ።

ከአና ታይን በኋላ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1854 ስለዚሁ ነገር መጽሐፍ አወጣ። እንግሊዝ በሙሉ ባልዲና መዶሻ ይዞ ወደ ባሕር ዳር ወረደ። ልጁ ኤድመንድ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው የሕይወት ትዝታው፣ በአባቱ ዘመን በሕይወት የተሞሉት የአለት ኩሬዎች ባፈቀሯቸው ሰዎች እጅ እንደተራቆቱ በሐዘን ጽፏል። ይህ ታሪክ የሙያው ሁሉ ጥላ ነው። በፊሊፒንስ ዓሣ አጥማጆች ለገንዳ ገበያ የሚሆን ዓሣ ለማደንዘዝ አለት ውስጥ ሳያናይድ ረጭተዋል፤ ዓሣው በሕይወት ይወጣል፣ ኮራሉ ይሞታል። ሰው ሳሎኑ ተቀምጦ የሚያደንቀው ዓሣ ምን ተከፍሎበት እንደመጣ መስተዋቱ አይናገርም።

መንገዱ ግን አንድ ብቻ አልነበረም። በ“ኒሞ” ፊልም ልጆች ሁሉ ያወቁት ብርቱካንማና ነጭ ዓሣ ዛሬ በሰው እጅ በገፍ ይረባል። ይህ ዓሣ፣ በነገራችን ላይ፣ ሲወለድ ወንድ ነው፤ ከመንጋው ትልቁ ሴት ይሆናል፣ እሷ ስትሞት ባሏ ቦታዋን ወስዶ ሴት ይሆናል። የፊልሙ ጸሐፊዎች ይህን ማለፋቸው አይገርምም። ኮራልም ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ይራባል። በአጥንት መቁረጫ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራሽ ትቆረጣለች፤ ከሥሯ ወፍራም ሙጫ ጠብ ተደርጎ በክብ ሸክላ ላይ ትጣበቃለች። ለጥቂት ቀን አፏን ትዘጋለች። ከሳምንታት በኋላ ሥጋዋ ሙጫውን አልፎ ሸክላው ላይ እንደ ቀለም መፍሰስ ይጀምራል። አንዱ ቁራሽ አሥር ይሆናል፤ ከባሕር ምንም ሳይወሰድ።

ታዲያ ባሕሩን እያዳንን ነው የሚሉ ባልንጀሮች አሉኝ። እንደዚያ ለማለት አልደፍርም። እ.ኤ.አ. በ2023 በፍሎሪዳ የሆነውን ላንሣ። ሐምሌ ላይ ማናቲ ቤይ በተባለ ጥልቀት የሌለው ወሽመጥ የውሃው ሙቀት 38.4 ዲግሪ ተለካ። ማሞቂያው ተበላሽቶ ሳይጠፋ ያደረ ገንዳ ያየ ሰው ቀጥሎ የመጣውን ያውቀዋል። ኮራሉ በሙቀት ሲጨነቅ ያን በውስጡ የሚኖረውን አልጌ ያባርራል፣ ነጭ ይሆናል፣ ይርበዋል። ሠራተኞች በባሕር ውስጥ ካሉት የኮራል ማሳደጊያዎች የቻሉትን ያህል እያወጡ የብስ ላይ ወዳለ ገንዳ አሸሹ። በቀሩት ላይ የደረሰው ከባድ ነው። ተመራማሪዎች በኋላ እንዳረጋገጡት፣ የአጋዘን ቀንድ የሚመስሉት ሁለቱ የአክሮፖራ ዝርያዎች የፍሎሪዳን ባሕር አለት የመገንባት ሥራቸው አክትሟል፤ በየቦታው ጥቂት ቢተርፉም እንደቀድሞው ሊቆጠሩ አይችሉም። በየብስ ገንዳ ያሉት አሁንም በሕይወት አሉ። የሚጠብቋቸው ባለሙያዎች የሚያደርጉት እኔ ከማደርገው ብዙ አይለይም፤ ይለካሉ፣ የተነነውን ይተካሉ፣ የጎደለውን ይመልሳሉ። በለንደኑ ሆርኒማን ሙዚየም ደግሞ የባሕሩን ወቅት፣ የፀሐዩን ርዝማኔ፣ የጨረቃዋን መሙላትና መጉደል ሳይቀር በመብራትና በማሞቂያ አስመስለው ኮራሎች በቀጠሮ እንቁላል እንዲጥሉ አድርገዋል። ለኮራል ጨረቃ መሥራት! ሰው እዚህ ደረጃ መድረሱ ያስደንቀኛል፤ እዚህ ደረጃ መድረስ ማስፈለጉ ግን ያስፈራኛል።

በእነዚያ የፍሎሪዳ ገንዳዎችና በእኔ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ ትልቅም ነው። የእነሱ ኮራሎች ከየት እንደተወሰዱ ተመዝግቧል፤ ከሌላ ውቅያኖስ ከመጣ ፍጥረት ጋር እንዳይነካኩም ተለይተው ይጠበቃሉ፤ አንድ ቀን እንዲመለሱ። የእኔዎቹ ከኢንዶኔዥያ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከማን ቤት እንደሆነ ከማይታወቅ ገንዳ ተሰባስበው አንድ ውሃ ሲጠጡ ኖረዋል። የማንን በሽታ ማን እንደተሸከመ አይታወቅም። ወደ የትኛውም ባሕር ሊመለሱ አይችሉም፤ አይገባምም። ከሕንድና ከፓስፊክ ውቅያኖስ የመጣው ላየንፊሽ እ.ኤ.አ. በ1985 በፍሎሪዳ ዳርቻ ታየ፤ ከገንዳ የተለቀቀ ሳይሆን አይቀርም፤ ዛሬ የካሪቢያንን ትናንሽ ዓሦች ይፈጃል። የለቀቀው ሰው ምናልባት ምሕረት ያደረገ መስሎት ነበር።

እንግዲህ ከባሕር ወደ ሳሎን የሚያመጣው በር ወደ ኋላ አይከፈትም። ኮራል ደግሞ ዕድሜው ከሰው ጋር አይሄድም፤ ከተስማማው ከባለቤቱ በኋላ መቶ ዓመት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች ካላቸው ሁሉ ቁራሽ እየቆረጡ ለሌላው ይሰጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ። ደግነት ብቻ አይደለም፣ ስሌትም አለበት። የእኔ ገንዳ አንድ ሌሊት ቢጠፋ አረንጓዴው ኮራሌ በሦስት ሰዎች ቤት አለ። አንደኛው ገና ጀማሪ ነው፤ ትናንት ማታ ደውሎ ውሃው እንደጎደለበት፣ በምን እንደሚሞላ ጠየቀኝ።