የመቃብር ክብር ለማን ነው?



ከመሰላ ወይም ከጭሮ ተነሥቶ ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ወደ ቁልቢ የሚጓዝ መንገደኛ፣ አንድ ታላቅ መስፍን ወደ ሞቱበት ስፍራ መድረሱን ሁልጊዜ አያስተውልም። የሐረርጌ ገዥ የነበሩት ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉት በቁልቢ ነው። አስከሬናቸው ወደ ሐረር ተመልሶ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ተቀበረ።

ለመሳፍንት ተለይቶ የታነጸ መቃብር ስናይ፣ «አፈር ወደ አፈር ለሚመለስበት ይህ ሁሉ ክብር ለምን?» የሚል ጥያቄ በልባችን ይነሣል። ድኃው በእርሻ ዳር ጥቂት ድንጋይ ተከምሮለት ስሙ ይረሳልና ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ አባታችን አብርሃም በእንግድነት አገር ሳለ፣ ለሣራ መቀበሪያ የሚሆነውን ዋሻ ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ገዝቷል። ስለዚህ ቤተሰብ የራሱ መቃብር እንዲኖረው መሻቱን ትዕቢት ነው ልንል አንችልም። ራሔል ደግሞ ከዚያ ዋሻ ርቃ በመንገድ ዳር ተቀበረች፤ ያዕቆብ ግን በመቃብሯ ላይ ሐውልት ከማቆም አልቦዘነም። ባለጸጋው የአርማትያስ ዮሴፍም ለራሱ ያስወቀረውን መቃብር ለጌታችን ለቀቀ።

የራስ መኰንን ልጅ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ የንጉሥ ይቅርና የድኃ ሥርዓተ ቀብር እንኳ አላገኙም። ዐፅማቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። መቃብር በማዕርግ የሚገኝ ሀብት ቢሆን ኖሮ ንጉሠ ነገሥቱ ሃያ አምስት ዓመት ባላጡት ነበር። ሙት ራሱን አይቀብርም። እንግዲያስ መቃብር ሟች ይዞት የሚሄድ ንብረት ሳይሆን፣ ሕያዋን ለሟች የሚከፍሉት ዕዳ ነው እንላለን።

ዕዳው ለሁሉም እኩል ነው። ሙታንን መቅበር ከሰባቱ ሥጋዊ የምሕረት ሥራዎች አንዱ ሲሆን፣ ጦቢትም በአደባባይ የተጣሉትን ሲቀብር ማዕርጋቸውን አልጠየቀም። እኛም በአገራችን ጎዳና ስናልፍ የክርስቲያንም ሆነ የሙስሊም መቃብር ብናገኝ፣ ድንጋዩን ለአጥር አንውሰድ፤ ከብት አናሰማራበት፤ ማረሻም አናስገባበት። ዘመድ ያለቀበትን መቃብር ከልጆቻችን ጋር እናጽዳ። የመሳፍንቱን መቃብር ዘመድና ታሪክ ይጠብቀዋል፤ ስም የለሹን የሚጠብቀው ግን የእኛ ምሕረት ብቻ ነው።

ለሙታን ሁሉ ዕረፍትን፣ ለእኛም የሚያስታውስ ልብን ይስጠን። አሜን።